«አስታውሺኝ እንጂ አልሠራም አላልኩም»

ጥያቄ፦ ትዳር ከያዝኩ 9 ዓመቴ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉን። ሥራ ስለሚበዛብኝ የቤት ጉዳይ ይጠፋብኛል። ባለቤቴን «አንዴ ደውለሽ አስታውሺኝ፣ የቀረውን ለኔ ተይው» ብያት በዚሁ ስንኖር ቆየን። አሁን ግን ማስታወሱን እርግፍ አድርጋ ተወችው። ባለፈው ወር የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት አልቆ 4 ቀን ሳትወስድ ቆየች። ባለቤቴ እያወቀች ዝም አለች። የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያም አልፎኝ ተቀጣሁ። ስጠይቃት «ስልክ አለህ አይደል?» አለችኝ። እየተበቀለችኝ ነው? ወይስ ጥሩ የማስታወሻ አፕ ይጠቁሙኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ከአፑ ልጀምርና ልገላገለው። ስልክዎ ላይ ያለው አላርምና ካላንደር ይበቃዎታል። ሥራ ቦታ ስብሰባ እንደሚረሱ አልጻፉልኝም። የሚጠፋብዎት የቤቱ ነገር ብቻ ከሆነ፣ የጎደለው አፕ አይመስለኝም።

«እያወቀች ዝም አለች» ያሉት ቃል ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ለመሆኑ ባለቤትዎ እንዴት አወቀች? መድኃኒቱ የእርስዎ እናት መድኃኒት ነው። አንድ ሰው ማሸጊያውን አይቶ፣ ስንት ፍሬ እንደቀረ ቆጥሮ፣ የትኛው ቀን እንደሚያልቅ አስልቶ መሆን አለበት። ከዚያም እርስዎ ስብሰባ ላይ የማይሆኑበትን ሰዓት መርጦ ይደውላል። እርስዎ የሰሙት ጥሪውን ብቻ ነው። ለእርስዎ ሥራው የሚጀምረው ስልኩ ሲጠራ ነው፤ እሷ ግን እስከዚያ ድረስ ግማሹን ጨርሳዋለች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም አያልቅላትም። ማታ «ገዛኸው?» ብትል ጨቅጫቃ ትባላለች። ባትል ደግሞ እናትዎ ያለ መድኃኒት ያድራሉ።

አሜሪካዊቷ የሶሺዮሎጂ ተመራማሪ አሊሰን ዳሚንገር እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተመችው ጥናት ይህን የማይታይ ሥራ በአራት ትከፍለዋለች። የሚያስፈልገውን አስቀድሞ ማየት፣ አማራጭ መፈለግ፣ መወሰን፣ በመጨረሻም መፈጸሙን መከታተል። ካነጋገረቻቸው 35 ጥንዶች መካከል ብዙዎቹ ሲወስኑ አብረው ነበሩ። አስቀድሞ ማየቱና መከታተሉ ግን በአብዛኛው ሴቷ ላይ ወድቆ አገኘችው። ጥናቱ የአሜሪካ ነው፣ ልክ ነው። ይሁንና እድሩን፣ የክትባት ካርዱን፣ የመብራት ካርዱን፣ የዘመድ ለቅሶውን በልቡ የሚይዘው ማን እንደሆነ የእኛን ቤት የሚያውቅ ሰው አይጠፋውም። «አስታውሺኝ» ማለት እንግዲህ ይህን ሁሉ «አንቺው ያዢው» ማለት ነው። እርስዎ ሥራ የተካፈሉ መስሎዎታል። ክፋት አለብዎት እያልኩ አይደለም፤ ማንም ስላልነገረዎት ነው።

በቀል ነው ወይ ላሉት፣ ልቧን ከዚህ ሆኜ ማንበብ አልችልም። ንዴት ሊኖርበት ይችላል። የአንድ አዛውንት መድኃኒት ማለቁን አውቆ ዝም ማለት ትክክል አይደለም፤ እሷም ብትጠይቀኝ ይህንኑ እላት ነበር። ግን በእነዚያ 4 ቀናት እርስዎስ እናትዎ ጋ ደውለው «መድኃኒትሽን ወሰድሽ?» ብለው ነበር? እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ዝምታዋ ነው። የምትነዘንዝ ሚስት ገና ከባሏ የምትጠብቀው ነገር አላት። «ስልክ አለህ አይደል?» ብላ ወደ ጓዳ የምትገባዋ ግን መጠበቅ ያቆመች ትመስላለች።

እናትዎ መድኃኒቱን ማቋረጣቸውን ለሐኪማቸው ይንገሩ፣ ግፊታቸውንም ያስለኩ። ከዚያ ለምሳሌ የእናትዎን መድኃኒትና የትምህርት ቤቱን ክፍያ ከነሐሳቡ ይውሰዱ። መቼ እንደሚያልቅ፣ መቼ እንደሚከፈል እሷን አይጠይቋት። ስብሰባ መሃል የሚጮህ አላርም ተዘግቶ ይረሳል፤ ስለዚህ ሰዓቱን ከሚያደርጉት ነገር ጋር ቢያያይዙት ይሻላል። «ሐሙስ ከሥራ ስወጣ፣ ታክሲ ከመያዜ በፊት ፋርማሲ እገባለሁ» እንደማለት። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር እንዲህ «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» የሚል ዕቅድ ሐሳብን ወደ ተግባር ለመለወጥ እንደሚረዳ አሳይቷል። ሁልጊዜ ይሠራል ብዬ አልምልልዎትም።

ደግሞ «ይኸው አደረግኩልሽ» አይበሏት። ለራስዎ እናትና ለራስዎ ልጆች ነው ያደረጉት። መጀመሪያ ላይ ላታምንዎት ትችላለች፤ ተደብቃ ፍሬውን ብትቆጥርም አይቀየሙ። ለዓመታት የለመደችውን በአንድ ወር አትተወውም።

መርሳቱ ሥራ ቦታም ካለ ወይም በቅርቡ የመጣ ከሆነ ሐኪም ይዩ። እንቅልፍ ማጣትም ሆነ ድብርት ሰውን ያዘነጋል። ዝምታዋ ከመድኃኒትና ከክፍያ አልፎ ወደ ሌላው ኑሯችሁ ከገባ ደግሞ በደብዳቤ የሚፈታ አይሆንም። አንድ አማካሪ ፊት አብራችሁ ብትቀመጡ ጥሩ ነው። አልመጣም ካለችም እርስዎ ብቻዎን ይጀምሩ። ቀጠሮውን ግን ራስዎ ይያዙ።