ለስብሰባ ነው የምሄደው ብዬ ልዋሻት?

ለአምዱ አዘጋጅ፣

ትዕግሥቴ አልቋል። ታላቅ እህቴ ልታሳብደኝ ነው።

42 ዓመቴ ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ከሁለተኛዋ በኋላ ሆዴ ወደ ቦታው አልተመለሰም። ስፖርቱንም ምግብ መቀነሱንም ሞክሬዋለሁ። የተላላ ቆዳ በስፖርት አይሰበሰብም። ስለዚህ ኢስታንቡል ሄጄ የተረፈውን የሆዴን ቆዳ ላስቆርጥ፣ ጎንና ጎኔን ደግሞ ስብ ላስመጥጥ ወስኛለሁ። ገንዘቡን ራሴ ነኝ ያጠራቀምኩት።

ለእህቴ ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም የለኝም። በደወለች ቁጥር የሞተ ሰው ወሬ ነው። «ቱቦውን ማን ያወጣልሻል? ቁስሉ ቢያመረቅዝ ወዴት ትሮጫለሽ?» ባለፈው ደግሞ ዘመድ በተሰበሰበበት «ለቁንጅና ብላ ልጆቿን ልትበትን ነው» ብላ አዋረደችኝ። እሷ ጥርሷን በብረት ስታሳስር ማን ምን አላት? እውነቱን ልናገር፣ ትቀናለች። ከልጅነታችን ጀምሮ ለራሴ አንድ ነገር ባደረግኩ ቁጥር እንዲህ ናት።

ደግሞ እኮ ሁሉም ነገር አልቋል። ቀብድ ከፍያለሁ። ሆቴሉን፣ መኪናውን፣ አስተርጓሚውን አስተባባሪዋ በዋትሳፕ ጨርሳልኛለች። ቀዶ ሕክምናው ሰኞ፣ መመለሻዬ ዓርብ ነው፣ በረራው አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሐኪሙን በቀዶ ሕክምናው ዕለት ጠዋት አገኘዋለሁ። የጤና ቅጹንም ሞልቻለሁ። ሁለተኛዋን ስወልድ እግሬ አብጦ፣ ደም ረግቷል ተብሎ ለተወሰነ ጊዜ መርፌ ወስጄ ነበር፤ ቤት ውስጥ የምትወጋኝም እህቴ ነበረች። ያለፈ ነገር ስለሆነና አስተባባሪዋም «እሱን ከጻፍሽ ቀጠሮሽ ይራዘማል» ስላለችኝ ተውኩት።

ልጆቹን የምተውላት ሰው ግን ያው እሷ ብቻ ናት። «ለሥራ ስብሰባ ነው» ብዬ ትቻቸው ብሄድና ስመለስ ብነግራት ጥፋት ይሆንብኛል?

ትዕግሥቷ ያለቀ

*

የኔ እመቤት፣

ስለ እህትሽ ብዙ ጻፍሽልኝ። ስለረጋው ደም ግን አንድ መስመር፣ እሱንም ከቅጹ ጋር ጠቅልለሽ። እኔን ያስደነገጠኝ ያ መስመር ነው።

ሐኪሞች ከቀዶ ሕክምና በፊት የደም መርጋትን ስጋት በነጥብ ይደምራሉ። ካፕሪኒ የሚባል መለኪያ አለ። ከዚህ በፊት ደም ረግቶበት የሚያውቅ ሰው በዚያ ብቻ 3 ነጥብ ይያዝበታል። ከ45 ደቂቃ በላይ ለሚፈጅ ትልቅ ቀዶ ሕክምና 2። ከ41 እስከ 60 ላለ ዕድሜ 1። ሌላ ምንም ሳልጨምር 6 ደረስሽ። 5ና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ስጋት ነው። ሐኪሙ ይህን ሲያይ «አይሆንም» ሊልሽ ይችላል፣ ወይም ደም ማቅጠኛ አዝዞልሽ ይቀጥላል። ሁለቱንም የሚወስነው ግን አንቺ ከሞላሽው ቅጽ ተነስቶ ነው። በሽታውን ስትደብቂ መድኃኒቱንም ለራስሽ ከለከልሽ።

ዓርብ ደግሞ አለ። የብሪታንያ የጤና አገልግሎት ከሆድ ቆዳ ቀዶ ሕክምና በኋላ ለመብረር ከ7 እስከ 10 ቀን ጠብቁ ይላል። ያንቺ አራተኛው ቀን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 እንዳሳወቀው፣ 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ተቀምጦ መጓዝ ብቻውን የደም መርጋትን ዕድል እጥፍ ያደርገዋል። ገና በተሰፋ ሆድ፣ ጎንበስ ብለሽ፣ እንደ ልብ ተነስተሽ መንቀሳቀስ አቅቶሽ ነው አምስት ሰዓት የምትቀመጪው። እግር ላይ የረጋ ደም ተነቅሎ ሳንባ ላይ ከሄደ በሰማይ ላይ ማን ይደርስልሻል?

አስተባባሪሽ ሐኪም አይደለችም። ሻጭ ናት። «ቀጠሮሽ ይራዘማል» ስትልሽ ኮሚሽኗ እንዳይራዘም ነው። ጤናሽን ለሷ ምክር መስጠትሽ በጣም አናድዶኛል፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ሆድሽን አትንኪ ያልኩሽ እንዳይመስልሽ። በገዛ ገንዘብሽ፣ በገዛ ገላሽ ደስ ያለሽን ማድረግ መብትሽ ነው፣ «ምን ጎደለሽ» የሚሉ ሰዎችንም አልወዳቸውም። እህትሽ ዘመድ ፊት የተናገረችው ነውር ነው፤ ይቅርታ ትጠይቅሽ። ቅናት ያልሽውን ግን አልቀበልም። ቱቦውን ማን ያወጣልሻል ማለቷ እኮ የአዋቂ ጥያቄ ነው። ከቁስሉ የሚወጣውን ፈሳሽ የሚቀበለው ቱቦ ከሳምንት በላይ ሊቆይ ይችላል፣ አንቺ ደግሞ በአራት ቀንሽ ቤትሽ ነሽ። እና ማን ያወጣልሻል? መልስ ስላልነበረሽ ነው የተቆጣሽው፣ ይመስለኛል።

ውሸቱንማ ተይው። ልጆችሽን በእጇ አስቀምጠሽ፣ ከሆስፒታል ቢደወልላት የት አገር እንዳለሽ እንኳ የማታውቅ ልታደርጊያት? እኔ በዚህ አልተባበርሽም።

ዛሬ ማታ ለክሊኒኩ ጻፊ፤ ለአስተባባሪዋ ሳይሆን ለቀዶ ሐኪሙ። ከወሊድ በኋላ እግሬ ላይ ደም ረግቶ ነበር በዪ። ከቀዶ ሕክምናው ሳምንታት በፊት በቪዲዮም ቢሆን ሊያነጋግርሽ ካልፈቀደ ቀብዱን ተይለት። ያኔ ያከመሽን ሐኪምም ሄደሽ አማክሪ። መርፌው ምን ነበር፣ ለስንት ጊዜ ወሰድሽ ብለው ይጠይቁሻል። አንቺ «ለተወሰነ ጊዜ» ነው ያልሽኝ። ለእህትሽ ደውዪላት፣ እሷ ቀኑን ቆጥራ ትነግርሻለች።