ቅሬ (በወሎ የሰፈር እድር) ለመግባት፦ ከክፍያው በፊት የሚጠየቁ ነገሮች

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። ባለቤቴና ልጄ አብረውኝ ናቸው፤ ቤቱ የኪራይ ነው። አከራዬ «ቅሬ ግባ እንጂ ልጄ፣ ያለ ቅሬ እንዴት ይኖራል?» እያሉ ይወተውቱኛል። ከማን ልጀምር? ምን ያህል ገንዘብ ልያዝ? የመሥሪያ ቤቴ እድርስ አይበቃኝም? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አከራይዎ እውነታቸውን ነው። የመሥሪያ ቤት እድር ከደመወዝ ስለሚቆረጥ አያስቸግርም፤ ገንዘቡንም ቶሎ ይሰጣል። ነገር ግን ሌሊት ሰው ቢሞትብዎ ድንኳን የሚተክለው፣ መቃብር የሚቆፍረው፣ ከሩቅ የመጣ ለቀስተኛ የሚያሳድረው የሰፈሩ ቅሬ ነው። ሥራ በለቀቁ ማግስት ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ አባልነት ያበቃል። ቢችሉ ሁለቱንም ይያዙ፤ አንዱን ብቻ ከሆነ የሰፈሩን።

አጀማመሩ ቀላል ነው፤ የወር መዋጮ በሚሰበሰብበት ቀን አከራይዎን ይዘው ይሂዱ። ብዙ ቅሬ አንድ ወይም ሁለት ነባር አባላት ዋስ እንዲሆኑ ይጠይቃል። ተከራይ ለመቀበል የሚያንገራግሩ ሰፈሮች አሉ፤ ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ሰውየው ዕቃውን ጭኖ ሰፈር ይለቃል ብለው ስለሚሰጉ ነው። አከራይዎ ዋስ ሲሆኑ ይህ ስጋት ይቃለላል። ማመልከቻውን ለጸሐፊው ይሰጣሉ፤ የመታወቂያ ቅጂና ፎቶግራፍም አብረው ያያይዛሉ። ስምዎ በአባላት ፊት ይነበባል፤ የሚቃወም ከሌለ ይመዘገባሉ።

የመግቢያው ክፍያ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ከየት እንደሚመጣ ካወቁት ግን ትክክለኛነቱ ይታይዎታል፦ ቅሬው ለዓመታት ያጠራቀመው ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስትና የባንክ ገንዘብ ለአባላቱ ቁጥር ይካፈላል፤ አዲስ ገቢ ከነባሮቹ እኩል ባለድርሻ ስለሚሆን ያንኑ ይከፍላል። ለስሌት ያህል ሀብቱ 480,000 ብር፣ አባላቱ 160 ቢሆኑ፣ የአንድ ሰው ድርሻ 3,000 ብር ይመጣል። ባንድ ጊዜ ካልቻሉ በሦስት ወይም በአራት ጊዜ እንዲከፍሉ ይጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይፈቀዳል። በዚህ ጊዜ ግን አንድ ነገር አጥርተው ይጠይቁ፦ የመጠበቂያው ጊዜ የሚቆጠረው ከመጀመሪያው ክፍያ ነው ወይስ ከመጨረሻው? አዲስ አባል ወዲያው እርዳታ አያገኝም። 3 ወር የሚል ደንብ አለ፤ 6 ወር የሚልም አለ። ይህ የተደረገው ቤቱ የታመመ ሰው የተኛበት ሁሉ ሲጨንቀው ብቻ እየመጣ እንዳይመዘገብ ነው። ቆጠራው ከመጨረሻው ክፍያ ከሆነ ክፍያውን በከፋፈሉ ቁጥር ጥበቃውም ይረዝማል። ስለዚህ ተበድረውም ቢሆን ባንዴ መጨረሱ ይሻላል።

ከሁሉም በላይ የሚጠነቀቁለት የቤተሰብ ቅጹን ነው። ሰው ስለ ብሩ ተከራክሮ ተከራክሮ ቅጹን በቆመበት ሞልቶ ይሄዳል፤ በኋላ ጭቅጭቅ የሚነሳው ግን ከዚያች አንዲት ወረቀት ነው። ቅሬ የሚከፍለው ቅጹ ላይ ለሰፈረ ሰው ነው። የእርስዎን አባትና እናት፣ የባለቤትዎን አባትና እናት፣ ልጅዎን ሁሉንም እስከ አያት ስም ያስሞሉ። የአማቶች ስም ደጋግሞ ይዘለላል፤ ባል ብቻውን ሄዶ ሲሞላ የሚስቱ አባት የአያት ስም ይጠፋውና ክፍቱን ይተወዋል። ስለዚህ ቅጹን ቤት ወስደው ከባለቤትዎ ጋር ይሙሉት። በቤት ስም የሚጠሩ ወላጅ ካሉ መታወቂያቸው ላይ ያለውን ስም ይጻፉና የቤት ስሙን ከጎኑ ያስፍሩ። ገጠር ያሉት «አባ እንትና» ሲሞቱ የቀበሌው ደብዳቤ በሌላ ስም ይመጣና ክፍያው ይጓተታል። እህትና ወንድም፣ አብሮ የሚኖር ዘመድ፣ የሚያሳድጉት የሰው ልጅ ይካተታሉ ወይ የሚለው እንደየደንቡ ስለሚለያይ ይጠይቁ። ልጅ ሲወለድም በወሩ መዋጮ ላይ ያስመዝግቡ። ሲጨርሱ የቅጹን አንድ ቅጂ ማኅተም አስመትተው ያስቀምጡ።

የመተዳደሪያ ደንቡንም ተቀምጠው ያንብቡት። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርና ዕቁብን ስለማይመለከት ክርክር ሲነሳ መጀመሪያ የሚገለጠው ይኸው ደንብ ነው። ለአባል፣ ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጅ፣ ለወላጅ የሚከፈለው መጠን ይለያያል። ወላጅ ገጠር ሲሞት ቅሬው ሰው ይልካል ወይስ ገንዘብ ብቻ ይሰጣል? ስንት ወር ያልከፈለ ይሰረዛል? የባንክ ሒሳቡ በስንት ሰው ፊርማ ይንቀሳቀሳል? በአንድ ሰው ፊርማ ብቻ ከሆነ ሌላ ቅሬ ይፈልጉ።

ፈረቃዎን በተመለከተ፣ ቀብር መቅረት ያስቀጣል፤ ስም የሚጠራው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከቀብር መልስ ነው። ገና ሲመዘገቡ በፈረቃ እንደሚሠሩ የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤትዎ ያስገቡና እርስዎ በሌሉ ጊዜ ማን እንደሚተካዎት ያስመዝግቡ። ቅጣቱን እየከፈሉ መቅረትን ልማድ አያድርጉት። ቅሬ ጉልበትም ነው፤ ያልቆፈረ ሰው ሲቸገር ብር ሊሰጡት ይችላሉ፣ ከልብ የሚያስተዛዝነው ግን አይበዛም።

ጥያቄ፦ ደሴ ሆጤ አካባቢ ቅሬ ልገባ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው። ያደግሁበት አገር እድሩ በየሃይማኖቱ ስለነበር እንዳላጠፋ ፈራሁ። እኔ ክርስቲያን ነኝ። (ከደሴ)

መልስ፦ አይፍሩ፤ ወሎ ውስጥ ይህ የኖረ ነገር ነው። የሚከብድዎት ሰዓቱ ይሆናል። ሙስሊም ጎረቤት ሲሞት ቀብሩ በዚያው ቀን ነው፤ ጠዋት ካረፈ ከቀትር ሶላት በኋላ ሊቀበር ይችላል። ቀብር በማግስቱ የለመደ ሰው ተረጋግቶ ሲደርስ ጀናዛው (አስከሬኑ) ወጥቷል። ጥሩምባው እንደተሰማ ይነሱ።

ገላ ማጠቡ፣ ከፈኑ (መገነዙ) እና የጀናዛ ሶላቱ የእምነቱ ተከታዮች ሥራ ነው፤ እዚያ አይግቡ። ቁፋሮው፣ ድንኳኑ፣ ውሃ መቅዳቱ፣ መሸኘቱና ከሐዘንተኛው ጋር መቀመጡ የእርስዎም ነው። ክርስቲያን ሲሞትም እንዲሁ ነው፤ ፍትሐቱ ሲደርስ ሙስሊሞቹ ውጭ ይጠብቃሉ፤ ሌላውን ሥራ ግን ከእርስዎ እኩል ይሠራሉ።

ሥጋ በየእምነቱ ይለያል። ለሐዘን ቤት ምግብ ሲልኩ ንፍሮ፣ ዳቦ፣ ሽሮ ወይም ምስር ይላኩ፤ ሁሉም ይበላዋል። ከቅሬው ዕቃ ቤት ብረት ድስት ሲያወጡ ለየትኛው ወገን እንደሆነ ዕቃ ያዡን ሳይጠይቁ አይንኩ። የቀለም ምልክት ካለው ምልክቱን አይተው ይመልሱ። ሥጋ የተሠራበት ድስት ሲቀላቀል የሚፈጠረው ቅሬታ በይቅርታ ብቻ አይጠፋም። የረመዳን ሐዘን ከሆነም ቀን ቡና አፍልተው አይጠብቁ፤ ለማፍጠሪያ የሚሆን ይዘው ይምጡ።

ባለቤትዎ የሴቶቹን ቅሬ ለብቻ ትጠይቅ። መዋጮውም ተራውም የተለየ ነው፤ እርስዎ ስለገቡ እሷ ገብታለች ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ተዛወርኩ። የደሴውን ቅሬ ልተወው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አሁኑኑ አይተዉ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ የኮምቦልቻው የመጠበቂያ ጊዜ እስኪያልቅ ሁለቱንም ይክፈሉ። የደሴውን ቀድመው ከለቀቁ በመሃል የሚደርስ ሐዘን ያለ ቅሬ ያገኝዎታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከደሴው ጸሐፊ ዕዳና ቅጣት እንደሌለብዎ የሚገልጽ መሸኛ ያውጡ፤ ማኅተምና የሰብሳቢው ፊርማ ይኑረው። መሸኛ ይዞ የመጣን ሰው መግቢያውን የሚቀንሱለት ወይም ጥበቃውን የሚያሳጥሩለት ቅሬዎች ስላሉ ከመክፈልዎ በፊት ያሳዩ። ያለፈው የወር መዋጮ ብዙ ጊዜ አይመለስም። የተዋሱት ወንበር ወይም ብርጭቆ ካለ ግን አስረክበው ዕቃ ያዡ ደብተርዎ ላይ እንዲፈርም ያድርጉ፤ መሸኛ ብዙ ጊዜ የሚዘገየው ባልተመለሰ ዕቃ ነው።