ብርሃን ሲያገኝ የሚጠቁር ኮንታክት ሌንስ ቤት ውስጥ፦ ጥያቄና መልስ

ደሴ ውስጥ በአንድ መነጽር ቤት የእይታ ምርመራ የምሠራ ባለሙያ ነኝ። ፀሐይ ላይ የሚጠቁርና ጥላ ውስጥ ጥቁረቱን መልሶ የሚለቅ ኮንታክት ሌንስ በዘመድ እጅ ከዓረብ አገር የመጣላቸው ሰዎች «ቤት ስገባ ይጨልምብኛል» እያሉ ስለሚመጡ፣ ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ ብዬ ነበር። ከደሴም ከኮምቦልቻም ከደረሱኝ መካከል ብዙዎችን የሚመለከቱትን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ እህቴ ከዱባይ የላከችልኝን ሌንስ አድርጌ ከሰኞ ገበያ ስመለስ፣ ቤት እንደገባሁ ደረጃው እንኳ አይታየኝም። ሌንሱ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም፤ ጥፋቱም የሌንሱ ብቻ አይደለም። በሌንሱ ውስጥ ያሉት ልዩ ሞለኪውሎች የፀሐይ ጨረር ሲያርፍባቸው ቅርጻቸውን ለውጠው ብርሃን መምጠጥ ይጀምራሉ፣ ጨረሩ ሲቀር ደግሞ ወደ ቀድሞ ቅርጻቸው ይመለሳሉ። በብዛት የሚታወቀው ሌንስ፣ ማለትም የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን አኪዩቪው ኦኤሲስ ዊዝ ትራንዚሽንስ፣ ለመጥቆር ከ45 ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ሲበቃው ጥቁረቱን ለመልቀቅ ግን 90 ሰከንድ ያህል ይፈልጋል። ደጅ ላይ ሙሉ በሙሉ ሲጠቁር ከሚታየው ብርሃን እስከ 70 በመቶ ስለሚያስቀር፣ በሩን አልፈው በገቡበት ቅጽበት ከክፍሉ ብርሃን ወደ ዓይንዎ የሚገባው ከግማሽ በታች ነው ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የራሳችን ዓይን ነው። የቀትር ፀሐይ ብርሃን ወደ 100,000 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ሲጠጋ፣ አንዲት አምፖል ያለችበት ሳሎን 100 ወይም 200 ሉክስ ቢኖረው ነው። ሌንስም መነጽርም የማያደርግ ሰው እንኳ ከዚያ ወደዚህ ሲገባ ለጊዜው አይታየውም፤ ዓይን ጨለማን ሙሉ በሙሉ እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ሊወስድበት ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን 90 ሰከንዶች ከሌንሱ፣ ከዚያ በኋላ የሚቀረውን ጨለማ ከዓይንዎ ይቁጠሩት። ለማረጋገጥ ከፈለጉ ከደጅ እንደገቡ መስታወት ፊት ይቁሙና ዓይንዎን ይመልከቱ፦ መጀመሪያ ከወትሮው ጠቆር ብሎ ይታይና ቀስ በቀስ ቀለሙ ሲገፈፍ ያዩታል። እስከዚያ ድረስ ዘንቢሉን ከበሩ ሥር አስቀምጠው ቆም ይበሉ እንጂ ደረጃ አይውረዱ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ በሒሳብ ሠራተኛነት ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጬ እውላለሁ። ሌንሱ ቤት ውስጥ እንደ ተራው ሌንስ ጥርት ይላል?

መልስ፦ ሙሉ በሙሉ አይጠራም፤ ይህንን ሻጮች ቢነግሩ ደስ ይለኝ ነበር። ጥቁረቱን በለቀቀበት ሁኔታም ቢያንስ 15 በመቶ የሚሆነውን ብርሃን ያስቀራል። ዓይናችን የብርሃን ልዩነትን የሚለካው በስንት እጥፍ ጨመረ ወይም ቀነሰ እያለ ስለሆነ፣ በቂ መብራት ባለበት ቢሮ ይህን ያህል ቅናሽ አብዛኛው ሰው አያስተውለውም፣ የሰንጠረዥ ቁጥር ለማንበብም አያግድም። ልዩነቱ የሚሰማው መብራት ጠፍቶ በሻማ ሲሠራ ነው፤ እንዲሁም ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ብሌን እየጠበበ ስለሚሄድ፣ በደብዛዛ ክፍል ደቃቅ ጽሑፍ የሚያነቡ አረጋውያን ቀድመው ያማርራሉ።

የተቀመጡበት ቦታም ለውጥ ያመጣል። ይህ ሌንስ ለአልትራቫዮሌት (በዓይን ለማይታየው የፀሐይ ጨረር) ብቻ ሳይሆን ለሐምራዊና ለሰማያዊ ብርሃንም ምላሽ ስለሚሰጥ፣ የመስኮት መስታወት ይህንን ብርሃን ስለማያግደው ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ሰው ሌንሱ በከፊል እንደጠቆረ ሊውል ይችላል። ጠረጴዛዎን ፈቀቅ ማድረግ ብቻ ይበቃል። የኤልኢዲ አምፖልና የኮምፒውተር ብርሃን ግን ለማጥቆር ያላቸው ኃይል እጅግ ትንሽ ነው። «ከኮምፒውተር ድካም ያድናል» ተብሎ ከሆነ የገዙት፣ ያ ድካም በአብዛኛው የሚመጣው ትኩር ብለን ስናይ ዓይናችንን ማርገብገብ ስለምንቀንስና ዓይን ስለሚደርቅ ነው፤ የሌንስ ቀለም አያስቀረውም።

ጥያቄ፦ ከደሴ ኮምቦልቻ በሐረጎ የምመላለስ ሾፌር ነኝ። ፀሐይ ላይ የሚጠቁረው መነጽሬ መኪና ውስጥ አይጠቁርም፣ ብርድ ቀን ደግሞ ቶሎ አይለቅም። ሌንሱስ?

መልስ፦ ሁለቱም ያስተዋሉት ነገር ትክክል ነው። የመኪና የፊት መስታወት አልትራቫዮሌትን ስለሚያግድ፣ በእሱ ብቻ የሚሠራ መነጽር መኪና ውስጥ አይጠቁርም፤ ሌንሱ ግን ከላይ በጠቀስኩት ምክንያት በከፊል ይጠቁራል። ሞለኪውሎቹ በብርድ ይበልጥ የመጥቆርና ዘግይተው የመመለስ ባሕርይ ስላላቸው፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደሴ ማለዳ የወጣ መነጽር ቤት ውስጥ ጥቁረቱን ለመልቀቅ ሲዘገይ፣ ዝቅ ብላ በምትገኘውና ሞቅ በምትለው ኮምቦልቻ ያው መነጽር ቶሎ ይለቃል። ሌንሱ በዓይን ሙቀት ላይ ስለሚውል ይህ መለዋወጥ በእሱ ላይ ያነሰ ነው። ማታ ስለመንዳትም፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2018 ሌንሱን ሲፈቅድ በቀንና በማታ አነዳድ የተደረገ ፍተሻ ተመልክቶ አሳሳቢ ነገር አላገኘም።

ጥያቄ፦ በመነጽሬ ቁጥር ሌንስ ባስመጣስ?

መልስ፦ እባክዎን አያድርጉት። መነጽር ከዓይን ራቅ ብሎ፣ ሌንስ ግን ዓይን ላይ ስለሚቀመጥ ቁጥሩ ከ4 በላይ ሲሆን ልዩነቱ ይጎላል፤ የሌንሱ ጉብታም ከዓይንዎ ጋር መለካት አለበት።

ጥያቄ፦ ለውዱእ በየጊዜው ላወልቀው ነው?

መልስ፦ ማውለቅ አያስፈልግም። ፊትዎን ሲታጠቡ ዓይንዎን ጨፍነው፣ ሽፋሽፍትዎን በንጹሕ ፎጣ ካደረቁ በኋላ ይግለጡት። የቧንቧም ሆነ የምንጭ ውሃ ዓይንን ክፉኛ የሚጎዳ አካንታሚባ የተባለ ጥቃቅን ተሕዋስ ሊይዝ ስለሚችል፣ ሌንሱን በውሃ ማጠብም ሆነ በውሃ ማስቀመጥ ፈጽሞ አይገባም። አድርገውትም አይተኙ።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄን ቤት ውስጥ እንኳ ብርሃን ይወጋታል፤ ስታሽ ነው የምትውለው። ይህ ሌንስ ይሻላታል?

መልስ፦ እትዬ፣ ከሁሉም ጥያቄዎች ያስጨነቀኝ የእርስዎ ነው። ቤት ውስጥ ባለ ብርሃን የሚወጋ ዓይን ሕመም አለው፤ ጥቁር ሌንስ ደግሞ ምልክቱን ሸፍኖ ሕመሙን ያቆየዋል። በዚህ ዕድሜ ማሳከክና ብርሃን መፍራት ሲገናኙ ብዙ ጊዜ የዓይን አለርጂ ነው፤ ሲቆይና እሽታው ሲበዛ የዓይንን የፊት መስታወት (ኮርኒያ) አቅጥኖ ወደ ፊት ሊያሾለው ይችላል። በክልላችን ትራኮማም ስላለ የላይኛው የዓይን ሽፋን ተገልብጦ መታየት አለበት። የታመመ ዓይን ላይ ሌንስ ማድረግ ቁስል ያመጣል። እስከምትታይ ድረስ እንዳታሽ በንጹሕ ጨርቅ ቀዝቃዛ መጭመቂያ ከተዘጋው ሽፋን ላይ ያድርጉላት፣ ዕጣን ሲጨስም ከክፍሉ ያውጧት። ከፋርማሲ በግምት ጠብታ አይግዙላት፤ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ያለ ክትትል ሲወሰድ የዓይን ግፊት ይጨምራል። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ይውሰዷት፤ በዚያ ቀን ኩል አይቀቧት።