ከወለደች በኋላም ክትትሉ አይቋረጥ

ወንድማችን፣ ባለቤትዎ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር መሆኗን ገልጸው፣ «እስክትወልድም ሆነ ከወለደች በኋላ ጤናዋ እንዲጠበቅ እኔና ቤተሰቡ ምን እናድርግ?» ሲሉ ላቀረቡት ጥያቄ፣ በአዋላጅ ነርስነት ስሠራ ካየሁትና ራሴም እናት ሆኜ ካለፍኩበት ተነሥቼ እመልሳለሁ። ሁለቱን ወቅቶች አብረው ማንሣትዎ መልካም ነው። በሥራዬ ደጋግሜ የታዘብኩት፣ ቤተሰብ እናቲቱን በእርግዝናዋ ወራት ሲንከባከብ ይቆይና ሕፃኑ በሰላም ከተወለደ በኋላ ሐሳቡ ሁሉ ወደ ሕፃኑ እንደሚዞር ነው። የእናቶችን ሕይወት የሚቀጥፉት ችግሮች ግን በብዛት የሚከሠቱት በምጥ ሰዓትና ከወሊድ በኋላ ባሉት ቀናት ነው፤ ስለዚህ መልሴ ወደዚያኛው ወቅት ያመዝናል።

በቅድሚያ ስለ ቀሩት የእርግዝና ሳምንታት። የዓለም የጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ 8 ጊዜ ከጤና ባለሙያ ጋር እንድትገናኝ ይመክራል፤ ከሰባተኛው ወር በኋላ ያሉት ቀጠሮዎች በ30ኛው፣ በ34ኛው፣ በ36ኛው፣ በ38ኛውና በ40ኛው ሳምንት አካባቢ የሚውሉ ናቸው። ቢችሉ አብረዋት ይግቡ። ከገቡም ዝም ብለው ከመቀመጥ ይልቅ የደም ግፊቷ ስንት እንደሆነ፣ ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን መገኘት አለመገኘቱንና የሄሞግሎቢን (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) መጠኗን ጠይቀው ይመዝግቡ። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የደም ግፊት 140/90 እና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ በተለይም ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ሲገኝ፣ ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለውን ሕመም ያመለክታል። ይህ ሕመም አደገኛ የሚሆነው በጅማሬው ላይ ምንም ስሜት ላይሰጥ ስለሚችል ነው፤ እናቲቱ «ደኅና ነኝ» ስትል ከልቧ ነው፣ ልኬቱ ግን ሌላ ይናገራል።

በየቀኑ እንድትወስደው የታዘዘላት የአይረን (የብረት ማዕድን) እና የፎሊክ አሲድ (ቫይታሚን) እንክብልም የቤተሰብ እገዛ የሚሻ ጉዳይ ነው። ብዙ ሴቶች ያቅለሸልሸኛል፣ ሆድ ያደርቅብኛል ብለው ለማንም ሳይናገሩ ያቋርጡታል። እንክብሉን ከምግብ በኋላ ወይም ማታ ከመኝታ በፊት መውሰድ ማቅለሽለሹን ይቀንሳል። ከሻይ፣ ከቡና ወይም ከወተት ጋር ሲወሰድ ግን ሰውነት የሚያገኘው የብረት መጠን ስለሚቀንስ ማራራቅ ይገባል። የሰገራ መጥቆር የሚጠበቅ ስለሆነ አያስደነግጣችሁ። በነፍሰ ጡር ሴት ላይ ሄሞግሎቢን ከ11 ግራም በዴሲሊትር በታች ሲወርድ የደም ማነስ ይባላል፤ ደሟ ያነሰ እናት ደግሞ በወሊድ ጊዜ የሚፈሳትን ደም የመቋቋም አቅሟ አነስተኛ ነው። የእንክብሉ ጥቅም ለጽንሱ ብቻ እንዳልሆነ ይህን ያህል ያብራራሁት ለዚህ ነው።

ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶችን በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ ሊያውቃቸው ይገባል፤ የደም መፍሰስ፣ የማይለቅ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን በታች በቀኝ በኩል የሚሰማ ሕመም፣ የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት፣ ትኩሳት፣ ምጥ ሳይጀምር የሽርት ውኃ መፍሰስ፣ ከሁሉም በላይ የሰውነት መንቀጥቀጥ። የጽንሱን እንቅስቃሴ በተመለከተ ሁሉም ሴት የምትመዘንበት አንድ ቁጥር የለም፤ መለኪያው እሷ የለመደችው ነው። ከለመደችው ከቀነሰባት ነገን መጠበቅ አያስፈልግም። ከ28ኛው ሳምንት ጀምሮ ስትተኛ ደግሞ በጀርባዋ ሳይሆን በጎኗ ብትሆን ይመረጣል።

ምጥ ከመምጣቱ በፊት ተቀምጣችሁ ልትወስኑ የሚገባችሁ ነገሮች አሉ። የት እንደምትወልድ፣ በሌሊት ቢሆን በምን እንደምትሄዱ፣ ገንዘቡ የት እንደሚቀመጥ፣ ደም ቢያስፈልግ ማን እንደሚለግስ አስቀድሞ ይታወቅ። እርስዎ በሥራ ምክንያት ርቀው ሳሉ ችግር ቢፈጠር ማን «እንሂድ» ብሎ እንደሚወስንም በግልጽ ይነገር፤ ባልን በስልክ ለማግኘት ሲሞከር ሰዓት የሚያልፍባቸው ቤተሰቦች ብዙ ናቸውና እሷ ራሷ ፈቃድ ሳትጠብቅ መሄድ እንደምትችል ከአሁኑ ይንገሯት። የደም ዓይነቷ አር ኤች ኔጋቲቭ (ለምሳሌ ኦ ኔጋቲቭ) ከሆነና የሕፃኑ ፖዘቲቭ ሆኖ ከተገኘ፣ ቀጣይ ጽንስን ከጉዳት ለመከላከል ከወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ስላለ ይህንንም አስቀድመው ይጠይቁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ትልቁ ሥጋት የደም መፍሰስ ነው። እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ማህፀን ተኮማትሮ ካልጠበበ የደም ሥሮቹ ክፍት ሆነው ይቀራሉ፤ ልጁ እንደተወለደ ለእናቲቱ የሚሰጠው 10 ዩኒት ኦክሲቶሲንም ማህፀኑ እንዲኮማተር ለማድረግ ነው። በዚህ ምክንያት ሁሉም ነገር ሰላም ቢመስልም ቢያንስ 24 ሰዓት በጤና ተቋሙ ብትቆይ መልካም ነው፤ «ደኅና ናት፣ ቤት ሄዳ ትረፍ» የሚለው የቤተሰብ ጉጉት ባለሙያን አዘውትሮ ይፈትናል። ቤት ከገባችም በኋላ አንድ ሞዴስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከራሰ፣ ትልልቅ የረጋ ደም ከወጣ ወይም ካዞራት ወዲያው ይመለሱ።

ቀጣዮቹ ምርመራዎች በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜና በስድስተኛው ሳምንት የሚደረጉ ናቸው። ሕፃኑን ለክትባት ወስዶ እናቲቱን ሳያስመረምሩ መመለስ የተለመደ ስለሆነ «እሷንስ?» ብሎ መጠየቅ የእርስዎ ሥራ ይሁን። የደም ግፊት በእርግዝና ዘመኗ ፈጽሞ ባልነበረባት ሴት ላይ እንኳ ከወሊድ በኋላ ሊከሠት ስለሚችል ከባድ ራስ ምታትንና ብዥታን በእንቅልፍ እጦት ብቻ አያሳብቡ። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ ትኩሳት፣ መጥፎ ጠረን ያለው ፈሳሽ፣ የታችኛው ሆድ ሕመም ወይም የቀዶ ሕክምና ቁስል መቅላት ኢንፌክሽንን ያመለክታሉ። የአንድ እግር ብቻ ማበጥና ሕመም፣ እንዲሁም ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ለአንድ ሰዓት እንኳ አይታለፍም።

ስለ ስሜቷም እናገራለሁ፤ በብዙ ቤት የሚታለፈው ይህ ነው። ከወለደች ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን አካባቢ ያለ ምክንያት ማልቀስና መነጫነጭ ብዙ እናቶችን ያጋጥማቸዋል፤ ከሁለት ሳምንት በፊትም በራሱ ያልፋል። ከዚያ ካለፈ፣ ሕፃኑ ተኝቶ እንኳ እሷ መተኛት ካቃታት፣ ምንም ነገር ደስ ካላሰኛት ወይም «ያለ እኔ ይሻላችኋል» የሚል ቃል ካሰማች የድኅረ ወሊድ ድባቴ ሊሆን ይችላል፤ ይህም የሚታከም ሕመም ነው። «ጤነኛ ልጅ ታቅፈሽ ምን ያስለቅስሻል?» የሚል ተግሣጽ ቶሎ ዝም ያሰኛታል እንጂ አያድናትም። የሌለ ድምፅ ከሰማች፣ ንግግሯ ከተዘበራረቀ ወይም ለቀናት ሳትተኛ ከዋለችና ካደረች ደግሞ ብቻዋን ከሕፃኑ ጋር ሳትተዉአት በዚያው ዕለት ወደ ሕክምና ውሰዷት።

ጡት ማጥባት በመጀመሪያው ሰዓት ቢጀመር፣ እስከ 6 ወርም ያለ ተጨማሪ ምግብና ውኃ ቢቀጥል ይመከራል። እርስዎ ማጥባት ባይችሉም ሽንት ጨርቅ መቀየር፣ ሕፃኑን ማስገሳት፣ ስታጠባ ውኃ ማቀበልና ከሁሉም በላይ ጠያቂ ሲበዛ በትሕትና «አሁን ተኝታለች» ማለት ይችላሉ። ይህ የመጨረሻው ከባል አፍ ሲወጣ ይከበራል፤ እሷ ብትለው ግን ይታዘቧታል። በተከታታይ ጥቂት ሰዓት መተኛት የቻለች አራስ ከብዙ ምክር ይልቅ በዚያ ትጠቀማለች።

ወደ ግንኙነት የሚመለሱበትን ጊዜ የምትወስነው እሷ ናት፤ ቁስሏ መዳኑ ብቻ በቂ አይደለም። የወር አበባ ሳይመለስም እርግዝና ሊፈጠር ስለሚችልና ለቀጣዩ እርግዝና ቢያንስ 24 ወር መጠበቅ ስለሚመከር፣ የወሊድ መቆጣጠሪያውን ጉዳይ ከመውለዷ በፊት ባሉት ቀጠሮዎች ተነጋግራችሁ ብትጨርሱት ይቀላል።

ከዚህ በፊት በቀዶ ሕክምና ወልዳ ወይም ብዙ ደም ፈስሷት የሚያውቅ ከሆነ ይጻፉልን፤ ስለ መውለጃው ቦታ የምመልሰው በዚያ መሠረት ይለያያል።