ዘፈኔን ለየትኛው ላይብረሪ ልስጥ? ጥያቄና መልስ

ለፊልም፣ ለማስታወቂያና ለቪዲዮ የሚሆን ሙዚቃ በኢንተርኔት ስለሚያከራዩ ላይብረሪዎች የምትፈልጉትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ካሰብኩት በላይ ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ለማታውቁኝ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ቀን ሌላ ሥራ አለኝ፣ ማታ ቤዝመንት ወርጄ ክራርና ኪቦርድ እነካካለሁ። ለላይብረሪ መሥራት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ጠበቃ አይደለሁም። ውል ሳያነብ ፈርሞ የተቃጠለ ሰው ነኝ።

ላይብረሪ ከስፖቲፋይ በምን ይለያል? (ኪቦርዲስት፣ አዳማ)

ስፖቲፋይ ላይ ደንበኛህ አድማጭ ነው። ላይብረሪ ላይ ደንበኛህ ኤዲተር ነው። አስበው፦ ሌሊት ነው፣ ጠዋት ቪዲዮውን ማስረከብ አለበት፣ ቡና የምትቆላ ሴት የምትታይበት ሃያ ሰከንድ ያለ ድምፅ ተቀምጧል። የፍለጋው ሳጥን ላይ ሁለት ሦስት ቃል ይጽፋል፣ አምስት ሙዚቃ ጀምሮ ያቋርጣል፣ ስድስተኛውን ይገዛል። አንተን አያውቅህም፣ ሊያውቅህም አይፈልግም።

የሚከራየው ነገር ሁለት ነው። አንዱ ድርሰቱ ነው፣ ዜማውና ግጥሙ። ሌላው ማስተሩ ነው፣ የተቀዳው ድምፅ። ኤዲተሩ ሁለቱንም ከአንድ ቦታ ካላገኘ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

ከፖንድ ፋይቭ፣ ከአርትሊስትና ከኤፒደሚክ ሳውንድ የቱ ይሻላል? (ስድስት ሰው ጠይቋል)

ሦስቱ አንድ ዓይነት ሱቅ አይደሉም። ፖንድ ፋይቭ ላይ ሥራህን ራስህ ትጭናለህ፣ አይተው ያሳልፉታል፣ ከሚሸጠው ትካፈላለህ። ከ2022 ጀምሮ የሹተርስቶክ ንብረት ነው። አርትሊስት ከእስራኤል የተነሳ ነው። ደንበኞቹ የአባልነት ክፍያ ከፍለው የፈለጉትን ያወርዳሉ፣ ሙዚቀኞቹን ግን መርጦ ነው የሚይዘው። ኤፒደሚክ ሳውንድ በ2009 ስቶክሆልም ውስጥ የተቋቋመ ነው። እሱ ሙዚቃውን ይገዛል። ቀድሞ ይከፍልሃል፣ እንደ ስፖቲፋይ ካሉት የሚመጣውንም እኩል ያካፍልሃል፣ ባለቤቱ ግን እሱ ነው።

ስለዚህ ጥያቄህ "ቤቴን ላከራየው ወይስ ልሽጠው?" እንደማለት ነው። የሚሸጥ ሰው ተሳስቷል አልልም። ገንዘቡ ዛሬ የሚያስፈልገው አለ። የዛሬውን ሥራ ነገ የሚረሳ አቀናባሪም አለ። ብቻ ሸጠህ ሳለ አከራየሁ ብለህ እንዳትተኛ።

እኔ አዲስ ላይብረሪ ሳገኝ ከካታሎጉ በፊት የማየው የውሉን ማብቂያ አንቀጽ ነው። ስንት ዓመት ነው? ካልተሸጠልኝ ሙዚቃዬ ይመለስልኛል? ከስንት ቀን በፊት ማሳወቅ አለብኝ? በራሱ ይታደሳል? ሁለት ሦስት ዓመት ሞክሮ ካልሆነለት የሚመልስ ላይብረሪ ካገኘህ አክብረህ ያዘው። "ለዘለዓለም" የሚል ቃል ካየህ ግን ዘለዓለምን የሚመጥን ብር ቀድሞ ይከፈልህ እንደሆነ እይ።

ኤክስክሉሲቭ ይሻላል ነን ኤክስክሉሲቭ? (ቢት ሠሪ፣ አዲስ አበባ)

ነን ኤክስክሉሲቭ ሲሰሙት ደስ ይላል። ያንኑ ሙዚቃ ለአራት ቦታ ትሰጣለህ፣ አንዱ ባይሸጠው ሌላው ይሸጠዋል። እኔም እንደዚያ ብዬ ነው የጀመርኩት። አንድ የማሲንቆ ሥራ ነበረችኝ፣ በባቲ ቅኝት፣ ሁለት ደቂቃ የማትሞላ። ለሁለት ላይብረሪ ሰጠኋት። አንደኛው ሳይነግረኝ ኮንተንት አይዲ ላይ አስመዘገባት፣ ቪዲዮ ውስጥ የገባን ሙዚቃ በራሱ እየለየ ለባለመብቱ የሚያሳውቀው የዩቲዩብ ሥርዓት ነው። (ሳይነግረኝ እላለሁ እንጂ ውሉ ውስጥ አሥራ አራተኛው አንቀጽ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር።) ከሁለተኛው ላይብረሪ በሕጋዊ መንገድ የገዛች አንዲት የጉዞ ቪዲዮ ሠሪ ቪዲዮዋን ስትጭን የባለቤትነት ጥያቄ መጣባት። ገንዘቧን ከፍላ ሌባ ተባለች። ላይብረሪው ለእሷ ገንዘቧን መለሰላት፣ እኔን አባረረኝ። የቆጨኝ ልከራከር የምችልበት ቀዳዳ አለመኖሩ ነው።

ሌላው ጣጣ ስም መቀየር ነው። አንዳንድ ነን ኤክስክሉሲቭ ላይብረሪ ሙዚቃህን በሌላ ርዕስ እንደገና ያስመዘግበዋል። በአዲሱ ርዕስ ከሚመጣው የስርጭት ክፍያ ለአሳታሚ የሚሰጠውን ድርሻ ለመውሰድ ነው። ያው ድምፅ በሁለት ስም ከሁለት ቦታ ሲመጣ ግን የቴሌቪዥን ሰዎች ለማን እንደሚከፍሉ ግራ ይገባቸዋል። እንዲህ ያለውን ሥራ አንነካም የሚሉም አሉ።

የኔ አካሄድ እንዲህ ነው። ለቴሌቪዥን የሚሆነውን በኤክስክሉሲቭ እሰጣለሁ፣ ዓመቱ ከተገደበ። ከወሬ ሥር የሚሄደውን ቀለል ያለ ሙዚቃ ነን ኤክስክሉሲቭ አደርገዋለሁ፣ ኮንተንት አይዲ ውስጥ የትም እንዳይገባ ተነጋግሬ።

ዜማና ግጥሙ የኔ ነው፣ ለአቀናባሪው ሙሉ ሂሳቡን ከፍያለሁ። ማስተሩ የኔ አይደለም? (የግጥምና ዜማ ደራሲ፣ አዲስ አበባ)

እህቴ፣ ብዙዎቻችን የምንወድቀው እዚህ ጋ ነው። ስቱዲዮ ገብተሽ፣ ከፍለሽ፣ ፋይሉን በፍላሽ ይዘሽ ወጣሽ። ፍላሹ ግን የባለቤትነት ወረቀት አይደለም። እኛ ደግሞ ወረቀት መጠየቅ ሰውን አለማመን ይመስለናል። "በእኔና ባንተ መካከል ምን ውል ያስፈልጋል?" እንባባላለን። ላይብረሪው "ሁሉም መብት በእጄ ነው፣ ክስ ቢመጣ ካሣውን እኔ እከፍላለሁ" የሚል አንቀጽ ላይ ያስፈርምሻል። ሳክስፎን የነፋው ልጅ፣ ያጀበችሽ ተቀባይ፣ ሚክስ ያደረገው፣ ማናቸውም ነገ "የኔስ?" ቢሉ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።

መድኃኒቱ አንድ ገጽ ነው። የዘፈኑ ርዕስ፣ ቀን፣ ማን ምን እንደሠራ፣ ምን ያህል እንደተከፈለው፣ ከድርሰቱ በመቶ ስንት እንደሚደርሰው (ዜሮ ከሆነም ዜሮ ተብሎ ይጻፍ)፣ ቅጂውን ለፊልምና ለማስታወቂያ የማከራየት መብት ያንቺ መሆኑ፣ ፊርማ። ሰዓቱንም ምረጪ። ብሩ ከመከፈሉ በፊት፣ ማኪያቶ እየተጠጣ ነው የሚፈረመው። ዘፈኑ ከተሸጠ በኋላ ያ ደጉ ሰውዬ ሌላ ሰው ሆኖ ይጠብቅሻል።

ደግሞ መግቢያዋን ዜማ እሱ ፈጥሯት ከሆነ ከድርሰቱ ድርሻ ስጪው። ብዙ ጊዜ ኤዲተሩ የሚገዛው ያቺን መግቢያ ነው።

በካሴት ዘመን ለብዙ ድምፃውያን ግጥምና ዜማ ሰጥቻለሁ። ላይብረሪ ላስገባቸው እችላለሁ? (አንጋፋ ደራሲ፣ ዋሽንግተን ዲሲ)

ጋሼ፣ እርስዎ መጠየቅዎ ራሱ አስደስቶኛል። ድርሰቱ የእርስዎ ሊሆን ይችላል፣ ቅጂው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያሳተመው ሙዚቃ ቤት ወይም የድምፃዊው ነው። ያኔ አንዲት ወረቀት ላይ "ሙሉ በሙሉ ሸጫለሁ" ብለው ፈርመው ከሆነ ድርሰቱም ያጠያይቃል። ወረቀቷን ይፈልጓትና ለጠበቃ ያሳዩ። በአገራችን የ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 410 ድርሰትን ደራሲው በሕይወት እስካለና ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፣ ስለዚህ ነገሩ ለልጆችዎም የሚተርፍ ነው። ድርሰቱ በእጅዎ ከሆነ አዲስ ያስቀዱት። ክራርና አንድ ድምፅ ይበቃል።

ኢትዮጵያ ሆኜ ገንዘቡ እንዴት ይደርሰኛል? ታክሱስ? (ጊታሪስት፣ ሐዋሳ)

የአሜሪካ ላይብረሪ ከሆነ ደብሊው ኤይት ቤን የሚባል የታክስ ፎርም ያስሞሉሃል። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ታክስ ስምምነት ስለሌላት ከአሜሪካ ምንጭ የሚመጣ ሮያሊቲ ላይ 30 በመቶ እዚያው ይቆረጣል። መቶ ዶላር ሰባ ይሆናል ማለት ነው። በምን እንደሚልኩና ስንት ሲሞላ እንደሚልኩ ከመፈረምህ በፊት ጠይቅ። "መቶ ካልሞላ አንልክም" የሚል ቦታ አርባ ዶላርህ ዓመታት ታስሮ ይቀራል።

በቴሌቪዥን ሲተላለፍ የሚመጣው ደግሞ ሌላ ነው። የሚመጣው እንደ አሜሪካኖቹ አስካፕና ቢኤምአይ ባሉ፣ ለደራሲዎች ክፍያ በሚሰበስቡ ማኅበራት በኩል ነው። ፕሮግራም ሠሪዎቹ የትኛው ሙዚቃ ስንት ሰከንድ እንደገባ ኪው ሺት በሚሉት ዝርዝር ይሞላሉ። እዚያ ላይ ስማችን ያስቸግራል። አንድ ቦታ በአባት፣ ሌላ ቦታ በአያት፣ በላቲን ፊደል ደግሞ በሦስት ዓይነት። ፓስፖርትህ ላይ ያለውን አጻጻፍ ያዝና ከእሱ አትውጣ። ከስድስት ወር በፊት ምንም አትጠብቅ።

የአኩም (የእስራኤል የሙዚቃ ደራሲዎች መብት ማኅበር) አባል ነኝ፣ ላይብረሪው ግን የማኅበር አባል አልፈልግም ይላል። (ድምፃዊ፣ ቴል አቪቭ)

የእስራኤሉ አኩም፣ ልክ እንደ ጀርመኑ ጌማ፣ ከአባላቱ የሚረከበው መብት ሰፊ ነው፣ ላይብረሪው የሚፈልገው መብት በእጅህ ላይኖር ይችላል። አስካፕና ቢኤምአይ የሚይዙት በአደባባይና በስርጭት የማሰማትን መብት ብቻ ነው። ስለዚህ አሜሪካ ያለው ጓደኛህ የፈረመው ውል ላንተ ላይሠራ ይችላል። አኩም ጋ ደውልና አንቀጹን አንብብላቸው።

ባህላዊ የሰርግ ዘፈን ቀድቼ ላስገባ? (ማሲንቆ ተጫዋች፣ ጎንደር)

ይቻላል፣ "ባህላዊ" ብለህ ቅንብሩን በስምህ አድርገህ። ዜማው የኔ ነው አትበል። ግን ባህላዊ የምንለው ብዙ ነገር ደራሲ አለው፣ በሬዲዮ እየሰማነው ስላደግን የሀገር መሰለን እንጂ። ቅኝት የማንም አይደለም፣ በትዝታ ቅኝት የተሠራ አንድ የታወቀ ዜማ ግን የሰው ነው።

በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሠራሁትን ይቀበላሉ?

ብዙዎቹ ሰው የሠራው መሆኑን ያስፈርማሉ። አሜሪካ ውስጥ ማሽን ብቻውን ለፈጠረው የቅጂ መብት አይመዘገብም። የሌለህን መብት ምን ብለህ ታከራያለህ? እኔን የሚያሳስበኝ የተገላቢጦሹ ነው፦ ሥራህን ለማሽን ማሰልጠኛ አሳልፎ የሚሰጥ አንቀጽ። "አልፈልግም" የሚል ሳጥን ካለ ምልክት አድርግበት።

አማርኛ ግጥም ይሸጣል?

ይሸጣል፣ ግን የዘፋኝ ድምፅ የሌለበትን ቅጂ አብረህ ካልሰጠህ ግማሹን ገበያ ጥለኸዋል። ሰው ሲያወራ ከሥር የሚገባው እሱ ነው። የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በ2005ቱ ብሮክን ፍላወርስ ፊልም ውስጥ በመሣሪያ ብቻ ምን እንደሠራ ያየ ያውቃል።

ለምዝገባ 150 ዶላር ጠየቁኝ። (ዱባይ)

አትክፈል።

አንተስ ስንት አገኘህ?

የመጀመሪያው ሩብ ዓመት 4 ዶላር ከ17 ሳንቲም። ባለቤቴ ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ ለጥፋዋለች፣ እስካሁን አለ። ከሁሉም በላይ የከፈለችኝ 28 ሰከንድ የምትሆን የዋሽንት ሥራ ነች። በአንድ የምግብ ፕሮግራም ላይ ሽንኩርት ሲከተፍ ትሰማለች፣ ፕሮግራሙ ስለሚደጋገም ዛሬም ትከፍላለች። እኔ የሠራኋት ለለቅሶ ትዕይንት ነበር።