ሳይመረመር አትገንዙት

ልጆቼ፣ ባለፈው ሳምንት ታይዋን ገበያ ውስጥ ጥገና የሚሠራ አንድ ወጣት ቦርድ በፌስታል ጠቅልሎ ቤቴ መጣ። «ጋሼ፣ ሞቶ ነበር፤ ፍላሹን ሙሉ በሙሉ አጥፍቼ ፕሮግራሙን መልሼ ስጭንበት ተነሳ» አለኝ። ፍላሽ ማለት መብራት ቢጠፋም የተጻፈበትን ይዞ የሚቆይ የማስታወሻ ቺፕ ነው። ደስታው ፊቱ ላይ ይነበባል። «ከማጥፋትህ በፊት ውስጡ የነበረውን ቀድተህ አስቀርተሃል?» ስለው ዝም አለ። አልተቆጣሁትም፤ በእሱ ዕድሜ እኔም ያንኑ ነበር የማደርገው።

እኔ የሙያ ሀሁን የቆጠርኩት በብረት ነው። እዚሁ ድሬ፣ በምድር ባቡሩ ዎርክሾፕ ተለማማጅ ሳለሁ፣ የተሰበረ አክስል ሲመጣ አለቃችን መጀመሪያ የሚያባርረው ጨርቅ የያዘውን ሰው ነበር። «አትጥረገው አቦ! ስብራቱ ይናገር!» ይላል። ከዚያ አጎንብሶ ያሳየናል፦ እንደ ባሕር ዳርቻ አሸዋ መስመር መስመር የሠራው ለስላሳ ክፍል ስንጥቁ ቀስ በቀስ ሲበላው የከረመ ነው፤ ሻካራው ደግሞ በመጨረሻዋ ቅጽበት የተገነጠለው። ለስላሳው ሰፊ ከሆነ አክስሉ ሲታመም ቆይቷል ማለት ነው። ሁሉም ሻካራ ከሆነ ግን አንድ ከባድ ነገር በድንገት መትቶታል። ስብራቱን በጨርቅ ያሸ ወይም ሁለቱን ፊት እርስ በርስ የገጠመ ሰው ይህን ሁሉ ደመሰሰ።

የፍላሽ ሜሞሪም ስብራት እንዲሁ ይነበባል። ፉጂዮ ማሱኦካና የቶሺባ ባልደረቦቹ ናንድ የተባለውን የፍላሽ ዓይነት በ1987 እ.ኤ.አ. ካቀረቡ ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም፦ የሚጻፈው በገጽ ነው፤ የሚጠፋው ግን በብሎክ፣ ማለትም በገጾች ጥቅል። እኔ ብዙ የሠራሁበት ዓይነት ቺፕ ገጹ 2048 ባይትና 64 ትርፍ ባይት ይይዛል፤ ብሎኩ 64 ገጾች አሉት። ቢት 0 ወይም 1 የምትይዝ ትንሿ የመረጃ ቁራጭ ናት፤ ማጥፋት ሁሉንም ቢት 1 ያደርጋል፤ መጻፍ ኤሌክትሮን እያጠመደ የተፈለገውን 0 ያደርጋል። እንግዲህ አንድ የተበላሸ ገጽ ለማስተካከል ብሎኩን ስታጠፉ፣ 63 ጎረቤቶቹንም አብራችሁ ታጠፋላችሁ። ምስክሮቹ ደግሞ እነሱ ነበሩ።

የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ላለ አንድ የውሃ ፓምፕ፣ የውሃውን ከፍታና የሞተሩን ሁኔታ የሚመዘግብ መሣሪያ ሠርተን ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ቆመ። ገጾቹ አልነበብ ሲሉት ብሎኮቹን አንድ በአንድ «ብልሹ» እያለ ከአገልግሎት አውጥቶ መጻፊያ አጥቷል። «ቺፑ አርጅቷል» ብዬ ሁሉንም አጥፍቼ መለስኩት። ደግሞ ቆመ። አሁን «የድሬ ሙቀት ነው» አልኩ፤ እኛ ከተማ ሰበብ ለጠፋው ሁሉ ሙቀት አለ። ደግሜ አጠፋሁት። ቺፑ 100,000 ጊዜ መጥፋትና መጻፍ የሚችል ነበር፤ እኛ መቶ እንኳ አልሞላንም። ይህ ቁጥር ብቻ ሊያነቃኝ ይገባ ነበር፤ ግን ደንበኛው በር ላይ ቆሞ ሲያይህ ሒሳብ አይታሰብህም።

በሦስተኛው ግን ፈርምዌሩን፣ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም፣ ለወጥኩት። ገጽ ሲበላሽ ብሎኩን ማጥፋት ቀርቶ ለብቻው ይቀመጣል። ገጹ ስህተት አራሚው ኢሲሲ ተዘግቶ ጥሬው ይነበባል፤ የሚወላውል ቢት አንዴ 0 አንዴ 1 ስለሚል ደጋግሞ ይነበባል። ብሎኩ ስንት ጊዜ እንደጠፋ፣ ሰዓቱ፣ ሙቀቱ፣ መሣሪያው በመጨረሻ የተነሳበት ምክንያት አብረው ይመዘገባሉ። ይህ ሁሉ የሚቀመጠው ሌላ ትንሽ ቺፕ ላይ ነው። በሽተኛውን የራሱን ካርድ አታስይዙትም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ቢቶቹ ወዴት ዞሩ የሚለው ነው። ለዚህ ምን መጻፍ እንደነበረበት ማወቅ ያስፈልጋል። ጊዜያዊ ማስታወሻው ራም መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ መዝገባችን ግን ተከታታይ ቁጥርና ሰዓት ስለነበረው የሚጠበቀውን ከፊሉን አስልተን አገኘን። የተጻፈ 0 ከጊዜ በኋላ 1 ከሆነ ኤሌክትሮኑ አፍስሷል፤ ሙቀትና እርጅና የሚያደርጉት ይህንን ነው። 1 የነበረው 0 ከሆነ የጎረቤት መጻፍ ወይም የንባብ ብዛት ኤሌክትሮን ገፍቶበታል። የእኛዎቹ 0 መሆን ሲገባቸው 1 የቀሩ ነበሩ። ያኔማ ሙቀቱን ይዤ ልሟገት ነበር። ግን ከፊታቸው የተጻፉት ገጾች፣ እዚያው ብሎክ ውስጥ፣ በዚያው ሙቀት የከረሙት፣ ንጹሕ ናቸው። የተበላሸው ሁልጊዜ መጨረሻ የተጻፈው ገጽ ብቻ ነው፤ ቢቶቹም ይወላውላሉ። ኤሌክትሮኑ አላፈሰሰም፤ ገና ሳይሞላ ቀርቷል።

መሣሪያው በመጨረሻ የተነሳበትን ምክንያት ሳየው «ቮልቴጅ ወረደ» ይላል። ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው አምስት ስድስት እጥፍ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ቮልቴጁም ይወርዳል፤ የእኛ መሣሪያ ደግሞ «ፓምፑ ተነሳ» ብሎ የሚጽፈው ልክ በዚያች ቅጽበት ነበር። ገጽ መጻፍ አንድ ሚሊ ሰከንድ እንኳ አይፈጅም፤ እኛ ያችኑ መርጠን ገባንባት። መድኃኒቱ ዋጋው ከአንድ ሳህን ፉል የማይበልጥ፣ ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅም ካፓሲተርና ቮልቴጁ ሲወርድ እንዳይጽፍ የሚከለክል ጥቂት መስመር ፕሮግራም ሆነ። ቺፑ ምንም አልነበረበትም፤ ሁለት ጊዜ በከንቱ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ሜሞሪ ካርድና ኤስኤስዲ (በፍላሽ የተሠራው የኮምፒውተር ማከማቻ) ላይ ነገሩ ይከብዳል። ውስጣቸው ያለው ተቆጣጣሪ ቺፕ (ኮንትሮለር) ኃይል እስካገኘ ድረስ በራሱ ብሎክ ያዛውራል፣ ያጠፋልም፤ ስለዚህ «እስቲ ደግሜ ልሞክረው» እያላችሁ ደጋግማችሁ አታብሩት። ጥሬ ቺፕ ላይ ደግሞ ፋብሪካው ብልሹ ብሎ በትርፍ ባይቱ ላይ የተወውን ምልክት አትንኩ፤ አንዴ ከጠፋ መልሳችሁ አታገኙትም። የምትቀዱት ገጽ ውስጥ የሰው ፎቶና መልእክት ሊኖር ስለሚችልም ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ አትያዙ። ይህን ብዙ ጠጋኝ ይዘለዋል፤ እኔ ነውር ነው እላለሁ።

ያ ልጅ ሊሄድ ሲል ከአንድ ደንበኛ የመጣ ተመሳሳይ ሌላ ቦርድ ሱቁ እንዳለ ነገረኝ፤ ገና አልነካውም። እንዳያበራው አስምዬ ላክሁት። ነገ ፀሐይዋ ሳትበረታ ይዞት ይመጣል።