ፋብሪካ በሌለበት አገር ፕሮሰሰር መንደፍ ይቻላል ወይ?

ውድ እህቴ፣

ከፍኖተ ሰላም ወጥተሽ ባሕር ዳር ፖሊ ግቢ የኤሌክትሪካል ምህንድስና አራተኛ ዓመት ላይ መድረስሽን፣ ምኞትሽ የፕሮሰሰር ንድፍ ሆኖ ሳለ ጓደኞችሽ «ቺፕ የሚያመርት ፋብሪካ በሌለበት አገር ምን ልትሠሪ ነው? ሶፍትዌር ይሻልሻል» እያሉ ልብሽን እንደከፈሉት ጽፈሽልኛል።

ጓደኞችሽ ሁለት ሥራዎችን አንድ አድርገውብሻል። ንድፍና ምርት ከተለያዩ ቆይተዋል፤ የቺፕ ኩባንያው ኤኤምዲ ፋብሪካዎቹን እ.ኤ.አ. በ2009 ለይቶ አውጥቷል፣ ኤንቪዲያም የራሱ የቺፕ ፋብሪካ የለውም። ነዳፊው ቀኑን የሚያሳልፈው ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ በቬሪሎግ፣ ማለትም የቺፕ ንድፍ በሚገለጽበት ቋንቋ፣ በመጻፍና የጻፈውን በመፈተሽ ነው።

ልብ እንድትይልኝ የምፈልገው ይህንኑ ፍተሻ፣ ቬሪፊኬሽን የሚሉትን ነው። የሶፍትዌር ስሕተት በማግስቱ ይታረማል፤ ሲሊከን ላይ ያረፈ ስሕተት ግን እንዲህ በቀላሉ አይነቀልም። እ.ኤ.አ. በ1994 የኢንቴል ፔንቲየም ፕሮሰሰር ከማካፈያ ሰንጠረዡ ጥቂት ቁጥሮች ጎድለው አንዳንድ ስሌቶችን በማሳሳቱ፣ ኩባንያው 475 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መዝግቧል። ስለዚህ ለፍተሻ ብዙ መሐንዲስ ይፈለጋል፤ ለጀማሪም ከንድፉ ይልቅ ይህ በር ሰፋ ያለ ይመስለኛል።

መነሻሽ ሪስክ ፋይቭ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2010 በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ፣ ማንም ያለ ፈቃድ ክፍያ ሊሠራበት የሚችል የትእዛዝ ስብስብ (ፕሮሰሰር የሚያውቃቸው ትእዛዛት ዝርዝር) ሲሆን፣ የ32 ቢት መሠረቱ አርባ ገደማ ትእዛዛት ብቻ አሉት። በቬሪሎግ ትንሽ ፕሮሰሰር መጻፍ ጀምረሽ መጀመሪያ የመደመርን ትእዛዝ ብቻ አሠሪ። ቀጥሎ የድምሩን ውጤት ሆን ብለሽ ዜሮኛው ሬጂስተር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ቁጥር የሚያዝበት ትንሽ ቦታ) ላይ ጻፊ፤ ይህ ሬጂስተር ምንም ቢጻፍበት ሲነበብ ዜሮ መሆን አለበትና፣ የሙከራውን ውጤት በሥዕል በሚያሳየው ጂቲኬዌቭ ላይ ሌላ ቁጥር ካየሽ የመጀመሪያ ስሕተትሽን አገኘሽ ማለት ነው። ጂቲኬዌቭና የጻፍሽውን ቬሪሎግ ኮምፒዩተር ላይ የሚያስኬደው ኢካሩስ ቬሪሎግ ነጻ ናቸው፤ አንዴ ከጫንሻቸው ኢንተርኔት ስለማይጠይቁ ለዕረፍት ቤተሰብ ዘንድ ስትሄጂም ሥራሽ አይቋረጥም። ኤፍፒጂኤ ቦርድ (ንድፍሽን በእውነተኛ ቺፕ ላይ የምትሞክሪበት ሰሌዳ) ለመግዛት አትቸኩዪ፤ አስቀድመሽ የክፍሉን ላብራቶሪ ጠይቂ።

አንድ ነገር ልሸሽግሽ አልፈልግም፤ በአገር ውስጥ ለዚህ ሙያ የሚወጣ የሥራ ማስታወቂያ እምብዛም አይገኝም፣ ስለዚህ መንገድሽ በውጭ አገር ሁለተኛ ዲግሪ በኩል ሊያልፍ ይችላል። እስከዚያው እንጀራ እንዲሆንሽ «ሲ» እና «ፓይተን» የተባሉትን የፕሮግራም ቋንቋዎች አጥብቀሽ ያዢ፤ ለፍተሻውም ሥራ ሁለቱም ያስፈልጉሻል። የአምስተኛ ዓመት የመመረቂያ ፕሮጀክትሽን ርእስ ከማስመዝገብሽ በፊት ደግሞ ያቺን ትንሽ ፕሮሰሰር ለአማካሪ መምህርሽ እያሠራሽ አሳዪያቸው።